ወግ አጥባቂው ፓርቲና የአውሮፓ ጣጣ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማርጋሬት ታቸር፣ ጆን ሜጀር፣ ዴቪድ ካሜሮንና ቴሬሳ ሜይ አራቱም የብሪታንያ ወግ አጥባቂ ፓርቲ መሪዎች፣ አራቱም ጠቅላይ ሚኒስትሮች ነበሩ። አራቱንም ያንገዳገዳቸው ወይም ከሥልጣን ያወረዳቸው ጉዳይ አንድ ነው፤ አውሮፓ። ከዚህ በታች የቀረቡት ስለዚህ ጉዳይ በብዛት የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጠቡ ሥር ምንድን ነው?

ፓርቲው እኩል የሚወዳቸው ሁለት ነገሮች እርስ በርሳቸው መጋጨታቸው ነው። ወግ አጥባቂው ፓርቲ በአንድ በኩል የነጋዴው ፓርቲ ነው፤ ሰፊ ገበያ፣ ያለ ቀረጥ የሚያልፍ ሸቀጥ፣ የለንደን ባንኮች በየአገሩ እንደልብ የሚሠሩበት ሥርዓት ይፈልጋል። በሌላ በኩል የዘውዱና የፓርላማው ፓርቲ ነው፤ የብሪታንያን ሕግ ከለንደኑ ፓርላማ ከዌስትሚኒስተር ውጭ ማንም ሊያወጣ አይገባም ብሎ ያምናል። ችግሩ የጋራ ገበያ የጋራ ሕግ ይጠይቃል። ሕጉን የሚተረጉም ፍርድ ቤትም ያስፈልገዋል፤ ያ ፍርድ ቤት ያለው ደግሞ ሉክሰምበርግ ነው። ገበያውን ወስዶ ሕጉን መተው አይቻልም፤ ፓርቲው ግን ለሃምሳ ዓመት ያህል ይቻል ይሆናል ብሎ ሲሞክር ኖሯል።

ብዙ ሰው ጠቡን የውጭ ዜጋን በሚወዱና በሚጠሉ ሰዎች መካከል የተነሣ አድርጎ ያየዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። የስደት ጉዳይ የክርክሩ እምብርት የሆነው ዘግይቶ፣ በ2004 ስምንት የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ወደ አውሮፓ ኅብረት ከገቡና ዜጎቻቸው ወደ ብሪታንያ መምጣት ከጀመሩ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ለሠላሳ ዓመት የተጣሉት ስለ ሕግ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ፓርላማ ሥልጣን ነበር።

ብሪታንያን ወደ አውሮፓ ያስገባው ራሱ ይህ ፓርቲ አይደለም?

ነው። የዛሬውን ኅብረት ለቀደመው የአውሮፓ ማኅበረሰብ መጀመሪያ ያመለከቱት በ1961 ሃሮልድ ማክሚላን ናቸው፤ የፈረንሳዩ ሻርል ደ ጎል በ1963 በሩን ዘጉባቸው። በመጨረሻ የተሳካላቸው ኤድዋርድ ሂዝ ናቸው፤ አገሪቱ ጥር 1 ቀን 1973 የአባልነት ቦታዋን ያዘች።

ያኔም ቢሆን ፓርቲው አንድ ልብ አልነበረም። ጥቅምት 28 ቀን 1971 ፓርላማው በመርህ ደረጃ ይሁን ብሎ ሲወስን 39 ወግ አጥባቂዎች ተቃውመው ድምፅ ሰጥተዋል። ሂዝን ያዳኗቸው የመሪያቸውን ትእዛዝ ጥሰው ከመንግሥት ጋር የቆሙ 69 የሌበር ፓርቲ አባላት ናቸው። ከተቃዋሚዎቹ ሁሉ አንደበተ ርቱዕ የነበሩት ኢኖክ ፓወል ነገሩን እስከ ጥግ አደረሱት፤ በየካቲት 1974 ምርጫ ከመወዳደር ራሳቸውን አገለሉና ሕዝቡ ሕዝበ ውሳኔ ቃል ለገባው ለሌበር ድምፅ እንዲሰጥ ጠየቁ። ዕድሜ ልኩን ወግ አጥባቂ የነበረ ፖለቲከኛ አውሮፓን ከፓርቲው አስበልጦ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ትልቅ ምሳሌ ነበር፤ የመጨረሻው ግን አልሆነም።

ታቸር የአውሮፓ ደጋፊ ነበሩ ወይስ ተቃዋሚ?

ሁለቱንም ነበሩ፤ ለዚህም ነው ዛሬም ሁለቱም ወገን የኛ ናቸው የሚላቸው። በ1975ቱ ሕዝበ ውሳኔ አባል ሆነን እንቆይ ብለው ቀስቅሰዋል፤ 67 ከመቶ የሚሆነው ድምፅ ሰጪም እንቆይ አለ። በ1984 ፎንቴንብሎ ላይ ብሪታንያ ለማኅበረሰቡ ከምታዋጣው ገንዘብ ተመላሽ እንዲደረግላት አስፈርመዋል። በ1986 ደግሞ የነጠላ ገበያውን መሠረት የጣለውን ሕግ ፈርመዋል። ይህ ሕግ የየአገሩን ውድቅ የማድረግ መብት በብዙ መስኮች ያስቀረና የብዙኃን ድምፅን ያስገባ ስለነበር፣ ሥልጣን የማኅበረሰቡ መቀመጫ ወደሆነችው ብራስልስ እንዲሄድ ከፈረሙት መሪዎች መካከል ታቸርን የሚያህሉ ጥቂት ናቸው።

አነጋገራቸው የተለወጠው መስከረም 20 ቀን 1988 ቤልጂየም፣ ብሩዥ ከተማ ባደረጉት ንግግር ነው። መንግሥት በኢኮኖሚው ውስጥ ያለውን እጅ አገር ቤት ያሳጠርነው፣ ከብራስልስ በኩል መልሶ እንዲረዝምብን አይደለም አሉ። አውሮፓን የሚጠራጠረው የፓርቲው ክንፍ ትውልዱን የሚቆጥረው ከዚህ ንግግር ነው።

የወደቁትስ በአውሮፓ ምክንያት ነው?

ብቻውን አይደለም። በየነፍስ ወከፉ የተጣለው የአካባቢ ግብር ሕዝቡን አስቆጥቶ ነበር። ገመዱን የበጠሰው ግን አውሮፓ ነው።

የገንዘብ ሚኒስትሩ ናይጄል ሎውሰንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጄፍሪ ሃው ፓውንድ የአባል አገሮች ገንዘቦች እርስ በርስ በተወሰነ ተመን የሚያዙበትን የአውሮፓን የምንዛሪ ተመን ሥርዓት እንዲቀላቀል ይገፉ ነበር። በ1989 ከማድሪድ ጉባኤ በፊት አብረው ሆነው ታቸርን አስጨነቋቸው። ከሳምንታት በኋላ ሃው ከውጭ ጉዳይ ተነሡ፤ ሎውሰንም በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሥራቸውን ለቀቁ። ፓውንዱ ግን ጥቅምት 1990 ላይ ወደ ሥርዓቱ መግባቱ አልቀረም። በዚያው ወር መጨረሻ ታቸር ፓርላማ ፊት ቆመው፣ ከብራስልስ ለሚመጣው ተጨማሪ ሥልጣን ሁሉ ሦስት ጊዜ «አይሆንም» አሉ። ሃው ኅዳር 1 ቀን ከመንግሥት ለቀቁ።

ከዚያ የመጣው ኅዳር 13 ቀን ሃው ያደረጉት የስንብት ንግግር ነው። እኚህ ሰው ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ በንግግራቸው ማንንም አስደንግጠው የማያውቁ ነበሩ፤ የዚያን ቀን ግን ታቸር ጥቂት ወንበር አለፍ ብለው እየሰሙ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ለድርድር የላኳቸውን ሚኒስትሮች ራሳቸው ከኋላ ሆነው ጉልበት እንደሚያሳጧቸው አንድ በአንድ ዘረዘሩ። በማግስቱ የቀድሞው ሚኒስትር ማይክል ሄዝልታይን ለመሪነት እንደሚወዳደሩ አስታወቁ። ታቸር 204 ለ152 አሸነፉ፤ ሁለተኛ ዙር እንዳይደረግ ደንቡ ለሚጠይቀው ብልጫ ግን አራት ድምፅ ጎደላቸው። ኅዳር 22 ቀን መልቀቃቸውን አሳወቁ። ሦስት ምርጫ በተከታታይ ያሸነፉ መሪ በሕዝብ ሳይሆን በገዛ ፓርቲያቸው መውረዳቸው ያቆየው ቂም ለአሥርት ዓመታት አልበረደም። ተተኪያቸው ሜጀር የወረሱት ይህንን ነው።

«ጥቁሩ ረቡዕ» የሚባለው ምንድን ነው?

መስከረም 16 ቀን 1992 ነው። ፓውንዱ በምንዛሪ ሥርዓቱ ውስጥ ከጀርመን ማርክ ጋር ታስሮ ነበር፤ ተመኑ ግን ለብሪታንያ ኢኮኖሚ ከፍ ያለ ነበርና ነጋዴዎች ፓውንድ በገፍ መሸጥ ያዙ። መንግሥት ወለዱን ከ10 ወደ 12 ከመቶ አወጣ፤ ያው ቀን ሳያልፍ 15 ይሆናል ብሎ አወጀ። አልሠራም። ማታ ላይ ብሪታንያ ከሥርዓቱ ወጣች። የግምጃ ቤቱ ሰነድ በኋላ ኪሣራውን 3.3 ቢሊዮን ፓውንድ ብሎ ገምቶታል።

ፓርቲው ኢኮኖሚን ያውቃል የሚለው ስሙ በዚያች ቀን ተሰበረ። አውሮፓን ለሚጠራጠሩት ግን ማስረጃ ሆነላቸው፤ ከወጣን በኋላ ወለዱ ወረደ፣ ኢኮኖሚውም አገገመ፣ ስለዚህ መውጣት ያዋጣል አሉ። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ በብሬግዚት (ከኅብረቱ የመውጣት) ዘመቻ የምንሰማው ክርክር ፍሬው እዚህ ነው።

ማስትሪክት ይህን ያህል ያወዛገበው ለምንድን ነው?

በየካቲት 1992 የተፈረመው የማስትሪክት ስምምነት የአውሮፓን ማኅበረሰብ ወደ አውሮፓ ኅብረት የለወጠና ለጋራ ገንዘብ መንገድ የከፈተ ነው። ሜጀር ጥሩ ድርድር አድርገዋል፤ ብሪታንያ ከጋራ ገንዘቡም ሆነ ከሠራተኛ መብት ምዕራፉ ውጭ እንድትሆን አስፈቅደዋል። ነገር ግን ሰኔ ላይ ዴንማርኮች በሕዝበ ውሳኔ ስምምነቱን ጣሉት፤ መስከረም ላይ ጥቁሩ ረቡዕ መጣ። የሚያመነታው ሁሉ ልብ አገኘ።

ሜጀር በሚያዝያ 1992 ምርጫ ያገኙት ብልጫ 21 ወንበር ብቻ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 1993 በፓርላማ 324 ለ316 ተሸነፉ። በማግስቱ ጉዳዩን ወደ መተማመኛ ድምፅ ለወጡት፦ ይህ ካላለፈ መንግሥት ይወድቃል፣ ምርጫ ይጠራል። አፈንጋጮቹ ምርጫውን ፈርተው ተመለሱ፤ ውጤቱ 339 ለ299 ሆነ። ሜጀር ያን ሰሞን ማይክሮፎኑ የጠፋ መስሏቸው፣ ካቢኔያቸው ውስጥ ስላሉት ተቀናቃኞች በስድብ ሲናገሩ ተቀድተው ነገሩ አደባባይ ወጣ። በ1994 ስምንት አፈንጋጮችን ከፓርላማ ቡድናቸው አገዱ፤ ከወራት በኋላ መልሰው ተቀበሏቸው። በ1995 እስቲ የሚችለኝ ይምጣ ብለው ከፓርቲ መሪነት ለቅቀው እንደገና ተወዳደሩ፤ ከካቢኔያቸው ለቅቀው የተፎካከሯቸውን ጆን ሬድውድን 218 ለ89 ረቱ። አንድም ጊዜ ግን ጠቡን አልፈቱትም። በ1997 ፓርቲው 165 ወንበር ብቻ ይዞ ወደቀ።

አፈንጋጮቹ ጥቂት ከሆኑ ያን ሁሉ ጉልበት ከየት አገኙት?

ከሒሳቡ ነው። መንግሥት በ21 ወንበር ብልጫ ሲቆም አሥራ አንድ ሰው ተባብሮ ሊጥለው ይችላል። ብሪታንያ ውስጥ የፓርላማ አባል ወንበሩን የሚያገኘው በራሱ ወረዳ መራጭ ነውና፣ የፓርቲው የድምፅ ተቆጣጣሪዎች የሚያስፈራሩበት ነገር ውስን ነው። ሹመት አልፈልግም ያለ ሰው በምን ይያዛል? በዚያ ላይ አፈንጋጮቹን የሚመርጧቸው የየወረዳው የፓርቲ አባላት ከለንደኑ አመራር ይልቅ ለአፈንጋጮቹ የሚያደሉ ነበሩ።

ሁለተኛው ምክንያት የመሪ አመራረጡ ለውጥ ነው። ከ1998 ጀምሮ የፓርላማ አባላቱ ዕጩዎቹን ወደ ሁለት ያወርዳሉ፤ ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው ተራው የፓርቲ አባል ነው። በ2001 ልምድ ያላቸው የቀድሞ የገንዘብ ሚኒስትር ኬን ክላርክ ከኢያን ደንካን ስሚዝ ጋር ቀረቡ። ደንካን ስሚዝ በማስትሪክት ጊዜ ደጋግመው በሜጀር ላይ ድምፅ የሰጡ፣ ሚኒስትር ሆነው የማያውቁ ሰው ናቸው። አባላቱ 61 ከመቶ በሚሆን ድምፅ እሳቸውን መረጡ። ከስምንት ዓመት በፊት አፈንጋጭ የተባለው ክንፍ ፓርቲውን ተረከበ ማለት ነው።

ካሜሮን ሕዝበ ውሳኔውን ለምን ጠሩ?

በ2006 ፓርቲያቸውን ስለ አውሮፓ መነታረክ እንተው ብለው የመከሩ ሰው ናቸው። ሊያስተዋቸው ግን አልቻሉም። ጥቅምት 2011 ላይ 81 ወግ አጥባቂዎች ትእዛዛቸውን ጥሰው ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ ብለው ድምፅ ሰጡ። ከውጭ ደግሞ ከአውሮፓ እንውጣ የሚለው የናይጄል ፋራዥ ፓርቲ፣ ዩኪፕ፣ መራጮቻቸውን ይነጥቅ ጀመር፤ ቆይቶም በ2014ቱ የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ አንደኛ ወጣ፣ ሁለት የወግ አጥባቂ እንደራሴዎችም ከድተው ገቡበት። ካሜሮን ጥር 23 ቀን 2013 ሕዝበ ውሳኔ ቃል ገቡ፤ በ2015 ምርጫ ሳይታሰብ ብልጫ አገኙና ቃሉ የሚፈጸም ሆነ።

እዚህ ላይ ፍርዴን አልደብቅም። ሕዝብ ስለ አገሩ ዕጣ መጠየቁ ትክክል ነው። ስሕተቱ የ65 ሚሊዮን ሰው ጉዳይ የአንድ ፓርቲን የውስጥ ጠብ ለማብረድ ተብሎ መጠራቱ ነው። እንውጣ ከተባለ እንዴት እንደሚወጣ የተዘጋጀ ዕቅድ አልነበረም። ሚኒስትሮች በሁለቱም ወገን እንዲቀሰቅሱ ተፈቀደ፤ ቦሪስ ጆንሰንና ማይክል ጎቭ የውጣ ዘመቻውን ሲመሩ፣ ካሜሮንና የገንዘብ ሚኒስትራቸው ጆርጅ ኦዝቦርን እንቆይ አሉ። ሰኔ 23 ቀን 2016 51.9 ከመቶው እንውጣ፣ 48.1 ከመቶው እንቆይ አለ። ካሜሮን በማግስቱ እንደሚለቁ አሳወቁ። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ግን በብልጫ እንቆይ ብለው ነበር፤ የዚህ መዘዝ ቀጥሎ ይመጣል።

የቴሬሳ ሜይ ስምምነት ሦስት ጊዜ የወደቀው ለምንድን ነው?

ሜይ ገና በጥር 2017 ከነጠላ ገበያውም ከጉምሩክ ኅብረቱም እንወጣለን ብለው ቀይ መስመር አሰመሩ። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ግን ሳይገደዱ የጠሩት ምርጫ የፓርላማ ብልጫቸውን አሳጣቸው፤ መንግሥታቸው በሰሜን አየርላንዱ ፓርቲ በዲዩፒ ድጋፍ ላይ ቆመ።

ከዚያ የአየርላንድ ድንበር መጣ። በሰሜን አየርላንድና በአየርላንድ ሪፐብሊክ መካከል ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ድንበር አለ። የ1998ቱ የቤልፋስት ስምምነት ሠላሳ ዓመት የዘለቀውን ደም መፋሰስ ካቆመ ወዲህ ኬላም ወታደርም የለበትም። ብሪታንያ ከጉምሩክ ኅብረቱ ከወጣች ሸቀጥ የሆነ ቦታ መፈተሽ አለበት። ድንበሩ ላይ ከሆነ ሰላሙ ይደፈርሳል፤ ባሕሩ ላይ ከሆነ ሰሜን አየርላንድ ከተቀረው ብሪታንያ ይነጠላል። ሜይ ሌላ መፍትሔ እስኪገኝ መላ ብሪታንያ በጉምሩክ ኅብረቱ ውስጥ ትቆይ የሚል ዋስትና ፈረሙ። የውጣ ክንፉ ይህን መውጫ የሌለው ወጥመድ አለው።

ጥር 15 ቀን 2019 ስምምነቱ 432 ለ202 ወደቀ፤ በዘመናዊው የፓርላማ ታሪክ እንዲህ ያለ የመንግሥት ሽንፈት አልታየም። ከተቃወሙት 118ቱ የራሳቸው ሰዎች ነበሩ። በመጋቢት ሁለት ጊዜ ደግመው አቀረቡት፤ ሁለቱንም ጊዜ ወደቀ። በመጨረሻው ዙር የውጣ ክንፉ ሰዎች ቦሪስ ጆንሰንና ጄኮብ ሪስ-ሞግ ሳይቀሩ ድጋፍ ሰጡ፤ የማይበገሩት 28ቱ ግን እስከ መጨረሻው እምቢ አሉ። እንቆይ ይሉ ከነበሩት ደግሞ ጥቂቶች ሁለተኛ ሕዝበ ውሳኔ ተስፋ አድርገው ተቃወሙ።

ሳይወራለት ያለፈ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ሰሞን ፓርላማው አማራጮችን አንድ በአንድ ድምፅ ሲሰጥባቸው፣ ኬን ክላርክ ያቀረቡት በጉምሩክ ኅብረት እንቆይ የሚለው ሐሳብ ሚያዝያ 1 ቀን 276 ለ273 ወደቀ። ሦስት ድምፅ! የመካከለኛው መንገድ የተዘጋው በዚያ ልክ ነው።

አውሮፓን የሚደግፉት ወግ አጥባቂዎች የት ገቡ?

ከፓርቲው ወጡ፣ ወይም ተባረሩ። መስከረም 3 ቀን 2019፣ ሜይን ተክተው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ጆንሰን አገሪቱን ያለ ስምምነት እንዳያስወጡ ለማገድ ከተቃዋሚዎች ጋር ድምፅ የሰጡ 21 እንደራሴዎች በአንድ ምሽት ከፓርላማ ቡድኑ ታገዱ። ከመካከላቸው ከ1970 ጀምሮ በፓርላማው የነበሩት ክላርክ፣ እስከ ሐምሌ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ፊሊፕ ሃሞንድ፣ የዊንስተን ቸርችል የልጅ ልጅ ኒኮላስ ሶምስ ይገኙበታል። ሜጀር አፈንጋጮቻቸውን በወራት ውስጥ መልሰው ተቀብለዋል፤ ጆንሰን ለአሥሩ ብቻ በሩን መልሰው ከፈቱ። በታኅሣሥ 2019 ምርጫ የቀረበ የፓርቲው ዕጩ ሁሉ የጆንሰንን ስምምነት እደግፋለሁ ብሎ ቃል መግባት ነበረበት። ፓርቲው 365 ወንበር አሸነፈ፤ ጥር 31 ቀን 2020 ብሪታንያ ወጣች። ድሉ ትልቅ ነበር። የሂዝ፣ የሃውና የክላርክ መስመር ግን በዚያ ፓርቲ ውስጥ ቦታ አጣ፤ ይህ ለፓርቲውም ለአገሩም ጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ።

የስዊድን፣ የጣሊያን ወይም የጀርመን ፓስፖርት ይዘው ለንደን የሚኖሩ ሐበሾችን ይህ ነካቸው?

አዎ። ከአየርላንድ ዜጎች በቀር የአውሮፓ ኅብረት አገር ዜግነት ያለው ሁሉ ያለ ቪዛ መጥቶ የመኖርና የመሥራት መብቱ በ2020 መጨረሻ አብቅቷል። ከዚያ በፊት ይኖሩ የነበሩት በልዩ የነዋሪነት ምዝገባ እንዲያመለክቱ ተደረገ፤ ዋናው ቀነ ገደብ ሰኔ 30 ቀን 2021 ነበር። አምስት ዓመት የቆየ ቋሚ፣ ያልሞላው ጊዜያዊ ፈቃድ ያገኛል። ዛሬ ከስቶክሆልም ወይም ከሮም መጥቶ ለመሥራት የሚያስብ እንደማንኛውም የውጭ ዜጋ የሥራ ቪዛ ያስፈልገዋል። ጥገኝነት ጠያቂን አሻራ ወደሰጠበት የአውሮፓ አገር የመመለሻው የደብሊን ደንብም ለብሪታንያ በዚያው ጊዜ ቀርቷል፤ በዚሁም ብቻቸውን ያሉ ልጆች ብሪታንያ ካለ ዘመዳቸው ጋር የሚገናኙበት የዚያ ደንብ መንገድ ተዘግቷል።

ከብሬግዚት በኋላ ክፍፍሉ አበቃ?

አላበቃም፤ መልኩን ለወጠ። ጆንሰን የድንበሩን ፍተሻ ባሕሩ ላይ አድርገው ነበር። ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሪሺ ሱናክ በየካቲት 2023 ከብራስልስ ጋር ተደራድረው፣ የዊንድዘር ማዕቀፍ በተባለው ስምምነት ፍተሻውን ሲያቀሉት፣ 22 ወግ አጥባቂዎች ተቃወሙ። ከእነሱም ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ጆንሰንና ሊዝ ትረስ ነበሩ። በሐምሌ 2024 ምርጫ ፓርቲው 121 ወንበር ብቻ አገኘ፤ በታሪኩ ዝቅተኛው ነው። የፋራዥ አዲሱ ፓርቲ ሪፎርም 14 ከመቶ ድምፅ ወሰደበት።

አሁን የጠቡ ማዕከል ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ነው። ይህ ከሉክሰምበርጉ የተለየ ነው፤ የኅብረቱ አካል ስላልሆነ ብሬግዚት አልነካውም። የቆመበትን ሰነድ፣ የአውሮፓን የሰብዓዊ መብት ስምምነት፣ ካረቀቁት አንዱ ደግሞ ወግ አጥባቂው ዴቪድ ማክስዌል ፋይፍ ናቸው። ሰኔ 14 ቀን 2022 ማታ፣ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ ሊወስድ የተዘጋጀው አውሮፕላን የዚህ ፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ ከደረሰ በኋላ ሳይነሣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እንውጣ የሚለው ጩኸት በረታ፤ በጥቅምት 2025 የፓርቲው መሪ ኬሚ ባዴኖክ ቀጣዩን ምርጫ ካሸነፍን ከዚህ ሰነድ እንወጣለን ብለው አስታወቁ። የሚቃወሟቸው አንጋፋ የፓርቲው ሰዎች የሚያነሡት የቤልፋስትን ስምምነት ነው፤ በዚያ ስምምነት የሰሜን አየርላንድ ሕዝብ መብቱን የሚጠብቅለት ይኸው የስትራስቡርግ ሰነድ ሆኖ ተጽፏልና።